ጎድዚላ ይመለሳል ተብሏል፤ ግን ምን ሆኖ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ቤተሰብ ስለሚጭን መኪና ነው። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ መለዋወጫው ይገኛል ወይ፣ የሕፃን ወንበር ከኋላ በደንብ ይታሰራል ወይ እያልን። በዚህ ወር ግን ማናችንም ስለማንገዛው መኪና ላጫውታችሁ ነው። የማንገዛው ደግሞ በዋጋው ብቻ አይደለም፤ መኪናው ገና ገበያ ላይ የለም። ስሙ ግን አለ፤ ኒሳን ጂቲ-አር።

ቤታችሁ ውስጥ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካለ ይህን ስም ቀድማችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ወይ ከፕሌይስቴሽን፣ ወይ ከ«ፋስት ኤንድ ፉሪየስ» ፊልሞች፣ ወይ ልጁ ደብተሩ ላይ ከለጠፈው ፎቶ። እኛ ሠላሳዎቹን የጀመርነው ደግሞ በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ደቂቃ እየተቆጠረብን «ግራን ቱሪዝሞ» ስንጫወት ነው የተዋወቅነው። ሒሳባችን ሳያልቅ ለመንዳት ስለምንቸኩል መኪና በመምረጥ ጊዜ አናጠፋም ነበር። ስካይላይን ጂቲ-አር ካለ ሌላ አይታይም።

ታዲያ አሁን ለምን አነሳሁት? ኦገስት 26 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ከሚገኘው የቶቺጊ ፋብሪካ የመጨረሻው አር35 ጂቲ-አር ወጣ። 18 ዓመት የተመረተ፣ ወደ 48,000 ገደማ የተሠራ መኪና ነው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢቫን ኤስፒኖሳ በዚያ አጋጣሚ ለአድናቂዎች ያስተላለፉት መልእክት ፍሬ ነገሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ስሙ አንድ ቀን ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ስም ባገኙት መኪና ላይ ሁሉ የሚለጠፍ አይደለም። ሦስተኛ፣ ለጊዜው የተቆረጠ ዕቅድ በእጃችን የለምና ታገሡን። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያለው የጂቲ-አር ወዳጅ ሁሉ ጥበቃ ላይ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ከሦስቱ ጆሮዬን የያዘው ሁለተኛው ነው። ስም ለኩባንያ እንደ ባንክ ደብተር ነው። በደህናው ዘመን ያስቀምጡበታል፣ በክፉው ዘመን ያወጡበታል። ኒሳን ደግሞ ክፉው ዘመን ላይ ነው ያለው። በማርች 2025 የተዘጋው የበጀት ዓመት ኪሳራው 670 ቢሊዮን የን ገደማ ነበር። 20,000 ሠራተኞችን ለመቀነስና ፋብሪካዎቹን ከ17 ወደ 10 ለማውረድ ወስኗል። ከሆንዳ ጋር ሊዋሐድ የጀመረው ድርድር በፌብሩዋሪ 2025 ፈርሷል። ዮኮሃማ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤቱን ሳይቀር ሸጦ በገዛ ሕንፃው ተከራይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ በየትኛውም ድርጅት ውስጥ፣ ከስብሰባው መሐል አንዱ እጁን አውጥቶ «ያ የተወደደው ስማችን ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል?» ማለቱ አይቀርም። በሙያዬ ያንን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ። ሥላይዱን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ አዲሱ መኪና ስንት የፈረስ ጉልበት ይኖረዋል የሚለው አይደለም። ኒሳን ይህን ስም ለማን ሰጠ፣ ለማን ነፈገ? ይህን ካየን የሚመጣውን መመዘን አይከብደንም።

ሳጥኑና ማስታወቂያው

ስካይላይን መጀመሪያ የኒሳን መኪና አልነበረም። ፕሪንስ የሚባል ኩባንያ ነው ከ1957 ጀምሮ የሠራው። በ1964 ዓ.ም. በሱዙካ በተካሄደው የጃፓን ግራንድ ፕሪ የፕሪንስ ሰዎች አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ለአራት ሲሊንደር የተሠራውን ኮፈን በ20 ሴንቲ ሜትር አስረዝመው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከተቱበት። ይህ ባለ አራት በር የቤት መኪና ፖርሽ 904 የተባለውን እውነተኛ የውድድር መኪና ለአንድ ዙር ያህል መራው። ለአንድ ዙር ብቻ! ፖርሹ በመጨረሻ አሸነፈ፤ ስካይላይኖቹ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ተደርድረው ገቡ። ጃፓኖች ግን የሚያወሩት አሸናፊውን ሳይሆን ያችን አንድ ዙር ነው። የጂቲ-አር ታሪክ በሙሉ ከዚያ የተቀዳ ነው፤ ተራ የሚመስል መኪና እጥፍ ዋጋ ያለውን ሲያስጨንቅ።

ኒሳን ፕሪንስን በ1966 ጠቀለለው፤ በ1969 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጂቲ-አር ወጣ። ሞተሩ ሁለት ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን መሠረቱ ከፕሪንስ የውድድር መኪና የመጣ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ባለ አራት በር ነበር፤ አባወራ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ዓይነት። ክብደቱ 1,120 ኪሎ ብቻ (ይህችን ቁጥር ያዙልኝ)። ቅርጹ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጃፓኖች «ሀኮሱካ» አሉት፤ «ሀኮ» ሳጥን ማለት ነው፣ «ሱካ» ደግሞ የስካይላይን ቁልምጫ። ሳጥኑ በሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በውድድር 50 ድል አስመዘገበ።

ቀጣዩ ለእኔ ለማርኬቲንግ ሰው የሚጣፍጠው ምዕራፍ ነው። በ1972 የወጣው ስካይላይን በማስታወቂያው ነው የሚታወቀው። ኬንና ሜሪ የሚባሉ ወጣት ፍቅረኞች በመኪናቸው ጃፓንን ሲዞሩ የሚያሳይ ተከታታይ ማስታወቂያ ነበር። ሕዝቡ በጣም ስለወደደው መኪናው ራሱ «ኬንሜሪ» ተብሎ ቀረ። ከ600,000 በላይ ተሸጠ። ማስታወቂያ ምርቱን ስም ሲያወጣለት ከዚህ በላይ ስኬት የለም። ጂቲ-አር የተባለው ዝርያው ግን? በ1973 ዓ.ም. 197 ብቻ ተሠርቶ ቆመ። የጭስ ልቀት ደንቡ ጠበቀ፤ ያ ሞተር ደንቡን ማለፍ አልቻለም። አንድም ቀን ለውድድር አልተሰለፈም።

ከዚህ በኋላ ነው ኒሳን ዛሬ የምመካበትን ሥራ የሠራው፤ ምንም አለማድረግ። ስካይላይን መመረቱን ቀጠለ፤ ጂቲ-አር የሚል ፊደል ግን ለ16 ዓመት በአንዱም ላይ አልተለጠፈም። በ1983 ዓ.ም. ቱርቦ የተገጠመለት፣ 190 የፈረስ ጉልበት ያለው ስካይላይን ወጣ፤ ከመጀመሪያው ጂቲ-አር በጉልበት የሚበልጥ ማለት ነው። ሞተሩ ግን ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ስሙን አልሰጡትም። እስቲ አስቡት፣ የሽያጭ ክፍሉ ስንቴ ለምኖ ይሆን!

ጎድዚላ

የጥበቃው ዋጋ በ1989 ዓ.ም. ተከፈለ። አር32 የተባለው ጂቲ-አር ሲወጣ መሐንዲሶቹ መኪናውን ሠርተው ውድድር አልፈለጉለትም፤ ውድድሩን መርጠው መኪናውን ለእሱ ሠሩት። «ግሩፕ ኤ» የሚባለው የያኔው ደንብ ቱርቦ ያለውን ሞተር መጠን በ1.7 እያባዛ ነበር ምድብ የሚሰጠው። የአር32 ሞተር 2,568 ሲሲ ነው፤ ብታባዙት ከ4,500 በታች ይሆናል፣ ልክ የሚፈልጉት ምድብ ውስጥ። 2.6 ሊትር የሚል ያልተለመደ መጠን ለምን እንደመጣ አሁን ገባችሁ?

ጉልበቱ በወረቀት 280 ነው። የጃፓን አምራቾች ከዚህ በላይ ጉልበት ያለው መኪና ላለማስታወቅ እርስ በርስ ቃል ተግባብተው ስለነበር ነው። በተግባር ከዚያ እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ።

ዋናው ብልሃት ግን ከሞተሩ ይልቅ ከሥሩ ነበር። መኪናው በተለመደው ጊዜ የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው። ኮምፒውተሩ የኋላ ጎማ መንሸራተት መጀመሩን ሲያይ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ፍሪሲዮን ይጨብጥና ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማዎች ይልካል፤ እንደሁኔታው እስከ ግማሽ ድረስ። ክረምት ላይ ጭቃማ ዳገት የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የኋላ ጎማ ሲዞር ከፊት የሚስብ ቢኖር ብሎ ያልተመኘ የለም። ልዩነቱ አር32 ይህን የሚያደርገው ሾፌሩ ሳያዘው፣ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ መሆኑ ነው።

ውጤቱስ? ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የመኪና ሻምፒዮና 29 ውድድሮች ተካሄዱ፤ 29ኙንም አር32 አሸነፈ። አንድም ሌላ መኪና አላስቀመሰም። አውስትራሊያ ሄዶ በ1991ና በ1992 የባትረስትን ውድድር ወሰደ። «ጎድዚላ» የሚለውን ስም ያወጡለትም የአውስትራሊያ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ከጃፓን መጥቶ ሁሉን የሚረመርም አውሬ ለማለት። የ1992ቱ ድል ግን ጣዕም አልነበረውም። ኃይለኛ ዝናብ መጣ፣ መኪኖች ተጋጩ፣ ውድድሩ ተቋረጠ። መሪ የነበረው ጂቲ-አር ራሱ ተጋጭቶ ቆሟል፤ ሆኖም በደንቡ መሠረት አሸናፊ ተባለ። የአገሬው ተመልካች ሆልደንና ፎርዱን ነበርና የሚወደው ሽልማት ሲሰጥ ጮኸባቸው፤ ሾፌሩ ጂም ሪቻርድስም በማይክ መልሶ ሰደባቸው። በሚቀጥለው ዓመት የአውስትራሊያ ደንብ ተቀየረና ጎድዚላ ከሜዳ ወጣ። ለአንድ ብራንድ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አላውቅም፤ ሊያሸንፉት ስላልቻሉ ደንቡን ቀየሩ ተብሎ ሲወራለት።

ሁለቱ ወንድማማቾች

በ1995 ዓ.ም. የመጣው አር33 በቤተሰቡ ውስጥ እንደ መካከለኛ ልጅ ነው፤ ብዙ የማይወደስ። ረዘመ፣ ሰፋ፣ 1,530 ኪሎ ሆነ። ነገር ግን በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ መንገድ ከስምንት ደቂቃ በታች (7 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ) ዞረ፤ ከታላቁ በ21 ሰከንድ ቀደመ ማለት ነው። ለስካይላይን 40ኛ ዓመት ደግሞ ባለ አራት በር አር33 ጂቲ-አር ተሠራ። የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉም ጂቲ-አር አንዱን ምረጥ ቢባል ትክክለኛው መልስ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ልጆቹም ይገባሉ፣ አስቤዛውም ይገባል።

አር34 ግን ፊልሙ አነገሠው። ከ1999 እስከ 2002 ብቻ ተመረተ፤ 12,000 እንኳ አልሞላም። ዳሽቦርዱ መሐል ላይ የቱርቦ ግፊትና የዘይት ሙቀት የሚያሳይ ስክሪን ነበረው፤ ያኔ እንደ ጌም የሚታይ፣ ዛሬ በየታክሲው የምናየው ዓይነት ነገር። ፖል ዎከር በ2009ኙ ፊልም የነዳው ሰማያዊ አር34 በ2023 ዓ.ም. በጨረታ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ለገበያው ያልተሠራ መኪና የሚገባው 25 ዓመት ሲሞላው ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ አር34ዎች መግባት የቻሉት በ2024 ነው። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ልጆቻችሁ «አባዬ፣ አሁን እኮ ሕጋዊ ሆኗል» ሲሏችሁ ከየት እንዳመጡት ይህ ነው። ዋጋውን ጠይቁና ዝም አሰኙዋቸው።

ስሙ ብቻውን ሲቆም

በ2002 እንደገና ቆመ፤ በዚህኛው ጊዜ አምስት ዓመት። በ2007 በቶኪዮ አውቶ ሾው ሲመለስ «ስካይላይን» የሚለው ቀርቶ «ኒሳን ጂቲ-አር» ብቻ ሆኖ መጣ። ፕሮጀክቱን የመሩት ካዙቶሺ ሚዙኖ ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ በማንኛውም ጊዜ ሊነዳው የሚችል ሱፐር መኪና። በዝናብም፣ በበረዶም፣ ገበያ ሲኬድም።

አር35 ባለ 3.8 ሊትር፣ ቪ6፣ ሁለት ቱርቦ ያለው ሲሆን ሲጀምር 480 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እያንዳንዱን ሞተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጣጥመው አንድ ሰው ነው፤ ሲጨርስ ስሙ የተጻፈበት ሳህን ሞተሩ ላይ ይለጠፋል። በ18 ዓመት ውስጥ ይህ ክብር የተሰጣቸው ባለሙያዎች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ክብደት በአራቱም ጎማ እንዲከፋፈል ካምቢዮው ከሞተሩ ተለይቶ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላ ሁለት ወንበር አለው፤ አዋቂ ባይመችም ልጅ ይቀመጥበታል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ስክሪን የነደፈው ደግሞ «ግራን ቱሪዝሞ»ን የሚሠራው ኩባንያ ነው! ፕሌይስቴሽን ቤት ያሳለፍነው ሰዓት ወደ እውነተኛ መኪና ገባ ማለት ነው። ከልጃችሁ ጋር የምታዩት ነገር ካጣችሁም በ2023 የወጣውን «ግራን ቱሪዝሞ» ፊልም ፈልጉ፤ ኒሳንና ሶኒ ጌም ተጫዋቾችን አወዳድረው እውነተኛ ሾፌር ያደረጉበት ፕሮግራም አሸናፊ የሆነ የእንግሊዝ ወጣት ታሪክ ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ የአር35 ምሥጢር እዚያ ነውና። አሜሪካ ሲገባ 69,850 ዶላር ነበር። በጊዜው የነበረው ፖርሽ 911 ቱርቦ ከ120,000 በላይ። ጂቲ-አሩ በ2008 ኑርቡርግሪንግን በ7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ዞርኩ ሲል ፖርሽ አላመነም፤ ራሱ አንድ ጂቲ-አር ገዝቶ ሞከረና እንዲህ ያለ ሰዓት አላገኘሁም አለ። ኒሳንም የሥልጠና ቀጠሮ ይያዝላችሁ ዓይነት መልስ ሰጠ። ማን ልክ እንደነበረ ዛሬም ይከራከሩበታል። ለገበያ ሰው ግን ክርክሩ ራሱ ድል ነው። ፖርሽን የሚያህል ኩባንያ ሰዓትህ ትክክል አይደለም ብሎ ማስተባበያ ካወጣብህ የምትገባበት መደብ ተቀይሯል።

የተበላሸውስ የት ላይ ነው? ጊዜው ላይ። 18 ዓመት ለአንድ መኪና ብዙ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጉልበት እየተጨመረ፣ ሽፋኑ እየተነካካ፣ ዋጋው ወጣ ወጣና በመጨረሻዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከ120,000 ዶላር አለፈ። ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ፖርሽን ማስጨነቅ የሚለው ቃል ቀስ ብሎ ተነነ። የደኅንነትና የድምፅ ደንቦች ደግሞ ከአውስትራሊያ፣ ከዚያ ከአውሮፓ አስወጡት። እንደ ኬንሜሪው ሁሉ አሟሟቱ በደንብ ሆነ።

የሚመጣው

በእጃችን ካሉት ፍንጮች አንዱን ላንሳ። በኦክቶበር 2023 በጃፓን ሞቢሊቲ ሾው «ሃይፐር ፎርስ» የሚባል መኪና ታይቷል። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ጉልበቱ እስከ 1,000 ኪሎዋት (1,340 የፈረስ ጉልበት ገደማ)፣ ባትሪው ደግሞ ጠጣር የሚባለው አዲሱ ዓይነት እንዲሆን የታሰበ። ጂቲ-አር የሚል ስም አልተጻፈበትም፤ ግን የኋላ መብራቱን ያየ ሁሉ ገባው። ያን ባትሪ ኒሳን በ2028 የበጀት ዓመት መኪና ላይ ለመግጠም አቅዷል። መሐንዲሱ ካሰበው ይልቅ የሒሳብ ክፍሉ የሚወስንበት ጊዜ ስለሆነ ይህ ዕቅድ እንዳለ ይቀጥላል ብዬ አልወራረድም።

ክፉው ዘመን ሌሎችን ምን እንዳደረገ አይተናል። ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ የሚለውን የስፖርት መኪና ስም በ2017 አንድ ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ላይ ለጠፈው። ፎርድ ሙስታንግን የሚያህል ስም ለባለ አራት በር የኤሌክትሪክ መኪና ሰጠ፤ መኪናው ክፉ አይደለም፣ ሙስታንግ ያደረገው ግን ፈረሱ ብቻ ነው። የሆንዳ ኤንኤስኤክስ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ስሙን ያከበረ፣ ቴክኖሎጂው የረቀቀ ሀይብሪድ ሆኖ በ2016 ተመለሰ። ግን በ2012 ከታየ በኋላ ብዙ አስጠበቀ፣ ውድ ሆነ፣ በ2022 ሲያበቃ ከ3,000 ያነሰ ነበር የተሸጠው። ስምን ማራከስ አንድ ጥፋት ነው፤ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው መድረስም ሌላ።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ ጂቲ-አር አይደለም» የሚሉትን ወገኖች ግን አልደግፍም። አር32 በ1989 ሲወጣ ኮምፒውተር የሚነዳው ምን መኪና ነው ያሉ ነበሩ። የጂቲ-አር ማንነት ቤንዚን አይደለም፤ ብልሃት ነው። ለአራት ጎማ ጉልበት አከፋፍሎ መስጠት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሞተር የተሻለ የሚችለው የለም። ለእኛም ቢሆን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አገራችን ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ቀጣዩ ጂቲ-አር አዲስ አበባ ላይ የመታየት ተስፋው፣ ገንዘቡ ለተረፈው ሰው ማለቴ ነው፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ብቻ ነው። አር35 ከመሬት የሚርቀው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ ስነግራችሁ የሰፈራችሁን የፍጥነት መግቻ ማሰባችሁ አይቀርም። ከ300 በላይ የሚሮጠው መኪና 120 ብቻ በሚፈቀድበት የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ምን ያደርጋል የሚለውንም ለእናንተ ልተወው።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው፤ ኪሎ። 1,120 ብለን ነበር የጀመርነው። አር32 1,430፣ አር35 1,740። በእያንዳንዱ ትውልድ መሐንዲሶቹ በጉልበት እያካካሱት መጥተዋል። ትልቅ ባትሪ ሲጫንበት ግን ከሁለት ቶን በላይ የሚሆን መኪና ነው የምናወራው፤ ያኔ 1,340 የፈረስ ጉልበት በቀጥታ መንገድ ላይ ያስደንቃል እንጂ በጠመዝማዛ መንገድ አንድ ቀላል ፖርሽ ያልፈዋል። ሰው ሁሉ ጠጣሩን ባትሪ የሚጠብቀው ለዚህ ነው፤ በተመሳሳይ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል ተብሎ ስለሚታሰብ። ባትሪው ካልደረሰ ሀይብሪድ ይሁን፤ እሱም ካልሆነ ስሙ እንደ ያኔው 16 ዓመት ይቀመጥ። ኒሳን ዛሬ ጥቂት ቢሊዮን የን ለማግኘት ጂቲ-አር የሚል ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ቢያወጣ ለሁለት ዓመት ይሸጥለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ከደብተሩ የሚወጣ አይኖርም፤ እኔም ለደንበኞቼ የምነግረው የጥበቃ ታሪክ ያልቅብኛል።

የጃፓኑ አውቶ ሾው በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚዘጋጀው። አንድ ቀን እዚያ መድረክ ላይ ጨርቁ ሲነሳ ሁሉም ካሜራ የሚሮጠው ወደ አራቱ ክብ የኋላ መብራቶች ነው፤ ከኬንሜሪ ዘመን ጀምሮ አብረውት ያሉ ናቸው። መብራት ግን በየትኛውም መኪና ላይ ሊገጠም ይችላል። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የወረቀቱን ታች ነው፤ ዋጋው ከፖርሹ ስንት እንደሚያንስ፣ ከኋላ ሁለት ወንበር አለ ወይ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣስ ስንት ይላል።